የእማ ዘሊካ ባልዲ

መካነ ሰላም ገበያ ቅቤ የገዛ ሰው ሁሉ እማ ዘሊካን ያውቃቸዋል። አላውቃቸውም የሚል ካለ ወይ ቅቤ አይበላም፣ ወይ ይዋሻል። ከቅቤ ተራው ጫፍ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር፣ ቀይ ሻሻቸውን አገጫቸው ላይ ቋጥረው ይቀመጣሉ። ገዢ መጥቶ "ለጋ ነው?" ቢላቸው አይመልሱም። በአውራ ጣታቸው ቆንጠር ያደርጉና የሰውየውን የእጅ ጀርባ ያሹታል። "አሽትተህ አንተው ንገረኝ" ይሉታል። ሰውየው ያሸታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መመዘን ብቻ ነው።

አንድ ደንብ አላቸው። ለቅምሻ የወጣ ቅቤ ተመልሶ ወደ ዕቃው አይገባም። "እጅ የነካው ቅቤ የአናት ነው" ይሉና በአጠገባቸው የሚያልፈውን ልጅ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ጠርተው መሐል አናቱን ይቀቡታል። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዴን አርዝሜ በገበያው በኩል የምዞረው ለዚህ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ፀጉር ቤት ተቀጥሬ የሰው ፀጉር ሳስተኛ እውላለሁ፤ የራሴ ፀጉር በማን ቅቤ እንዳደገ ግን አልክድም።

ሰብሌ እባላለሁ፤ የጎረቤታቸው የብዙዬ ልጅ ነኝ። ቤታችንን ከቤታቸው የሚለየው የቁልቋል አጥር ነበር፤ እሱንም እኔና ልጃቸው ፈውዚያ ስንሽሎከለክ መሐሉን በሳነው። ሥጋው ብቻ ሲቀር የሁለቱንም ቤት ምግብ በልቼ ነው ያደግሁት። ባላቸው ሼህ ሙሐመድ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ለሰፈሩ ልጆች ቁርኣን እያስነበቡ ያስቀሩ ነበር። እሳቸው ከሞቱ በኋላ እማ ዘሊካ ፈውዚያን በቅቤ አሳደጓት፣ በቅቤ አስተማሯት፣ በቅቤ ፓስፖርት አወጡላት።

እንግዲህ የእማ ዘሊካን አንድ አመል ካልነገርኳችሁ ወሬው አይጥምም። ዕቃ ይደብቃሉ። አደባበቃቸውን ከእናታቸው ነው የወረሱት። እናታቸው ከአቀስታ ደሴ ድረስ በእግራቸው ቅቤ ሲነግዱ መንገዱ ላይ ቀማኛ ነበር። ቀማኛ ጉያ ይፈትሻል፣ መቀነት ያስፈታል፤ ቅቤ ውስጥ ግን እጁን አይከትም። ከከተተማ ከነክንዱ ሲያብረቀርቅ ያገኙታል። ስለዚህ የቅቤ ነጋዴ ሴት ውድ ዕቃዋን ከቅቤው ሥር ትቀብራለች። ቀማኛው ከጠፋ ዘመን አልፎታል፤ እማ ዘሊካ ግን አልሰሙም። አንድ ጊዜ የወርቅ ጉትቻቸውን ቀብረው ረሱትና ከነቅቤው ለደጎሎ ሴት ሸጡት። ሴትየዋ በሚቀጥለው ገበያ ጉትቻውን ይዛ መጣች። "እትዬ፣ ቅቤዎ ጥርስ አብቅሏል" አለቻቸው። መካነ ሰላም እስከ ዛሬ በዚህ ይስቃል።

ፈውዚያ ዱባይ ሄዳ ሱፐርማርኬት ውስጥ ትሠራለች። እዚያው ጠልሐ የሚባል የኩታበር ልጅ አገባች፤ ሾፌር ነው፣ ጨዋ ልጅ። ልጅ ግን እንቢ አላቸው። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ እናቴና እማ ዘሊካ አንዷ በስለት፣ አንዷ በዱኣ ፈጣሪን አላስቀምጥ አሉት። በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ ፈውዚያ ደወለች። አርግዛለች። ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ እማ ዘሊካ አለቀሱ፤ እናቴ ምን እንደተባለ ሳትሰማ በአጥሩ ቀዳዳ እልል አለች።

"እማዬ፣ ካለ አንቺ አልወልድም" አለች ፈውዚያ። "ሐኪሙ ሞልቷል። አናቴን ቅቤ የሚቀባኝ ነው የጠፋው።"

በኛ አገር አራስ አናቷን የምትቀባው በናቷ እጅ ነው። ለመጀመሪያ ልጅ ደግሞ፣ ያውም ይኼን ያህል ለተጠበቀ ልጅ፣ ሌላ እጅ አይታሰብም። እማ ዘሊካ ከደሴ ወዲያ ሄደው አያውቁም። "እሄዳለሁ" አሉ፣ አለቀ።

ትኬቱን ጠልሐ ዱባይ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ገዛላቸው። ይኼ ነገር መካነ ሰላምን ለሁለት ከፈለ። መናኸሪያ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጠው ንጉሡ በጣም ተቆጣ። "ማኅተም የሌለው ትኬት ትኬት ነው? እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ከአውቶቡስ አወርዳለሁ፣ እንኳን ከአውሮፕላን!" ብሎ ለሰው ሁሉ ተናገረ። እማ ዘሊካ ግን ልባቸው ሞልቷል። ለዐረፋ ከዱባይ የመጣችው የሰፈራችን ልጅ ሙስሊማ፣ ከፈውዚያ የተላከች አንዲት ትንሽ ነገር በእጃቸው አስጨብጣቸዋለች። ምን እንደሆነች ለማንም አልነገሩም። ለእናቴም፣ ለእኔም።

ጥር ላይ የዱኣ ወዳጃ ተቀምጦ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "አሚን" ብሎ መርቆ ሸኛቸው። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ልቀበላቸው ስሄድ ከሰው ሁሉ በፊት ያየሁት ባልዲዋን ነው። ነጭ፣ ክዳናም፣ በገመድ የተጠፈረች። መንገዱን ሁሉ ጭናቸው ላይ አድርገዋት ነው የመጡ። ልቀበል እጄን ብሰነዝር ገፈተሩኝ።

"ወላሂ ይኼን ለማንም አልሰጥ! ሻንጣውን ያዢ አንቺ።"

"እማ ዘሊካ፣ ቅቤ እኮ ነው።"

"የአቀስታ ቅቤ ነው። የፈውዚያ አናት ነው። ተይ።"

የምኖረው ሳሪስ፣ ከዳቦ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ባልዲዋን ያሳደሩት ከራስጌያቸው፣ ከዚያው ከሚሞቀው ግድግዳ ጥግ ነው። ጠዋት ክዳኗን ከፍተው ለዳቦ ቤቱ ሰውዬ፣ "ጎረቤት አይደል?" ብለው፣ አንድ እፍኝ ቅቤ ሰጡት። ሰውዬው ግንባሩ መሬት እስኪነካ እጅ ነሳ።

እኔ ደግሞ ለአየር ማረፊያ ብዬ ፀጉሬን ተሠርቻለሁ። በዛች የምትባለው የፀጉር ቤታችን ባለቤት ካስክ ሥር አስቀምጣ፣ በፎን ጎትታ፣ ዝንብ ብታርፍበት የምታንሸራትት አድርጋኛለች። "ዛሬ ውኃም ሰውም እንዳይነካሽ" ብላኛለች።

ቦሌ ደረስን። በሩ ላይ ጥበቃው መንገደኛ ያልሆነ አይገባም አለ።

"እናቴ ናቸው፣ ማንበብ አይችሉም። እስከ ሚዛኑ ላድርሳቸው" አልኩት።

አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየ። የእማ ዘሊካን ሻሽ አየ። መቁጠሪያቸውን አየ። ተመልሶ ማተቤን አየ።

"እናትሽ ናቸው?"

"ናቸው።"

"እንዴት ሆኖ?"

"ወሎ አታውቅም እንዴ?"

ሳቁ አመለጠው። "በይ እስከ ሚዛኑ ብቻ" አለኝ።

ውስጡ ያብረቀርቃል። እማ ዘሊካ ወለሉን አይተው ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲጎነበሱ ደረስኩባቸው። ከእኛ ኋላ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶች ተሰልፈው ነበር። አንድ ዓይነት ሻርፕ አልብሰዋቸዋል፤ ፓስፖርታቸውን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። አንዳቸውም አይናገሩም። እማ ዘሊካ ዞረው ዞረው አዩአቸውና "እነዚህ ልጆች ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት?" አሉኝ። ሻንጣውን ወደ ፊት ገፋሁ።

ተራችን ደረሰ። መስተናገጃው ላይ ያለችው ልጅ ደረቷ ላይ አልታዬ የሚል ስም ለጥፋለች። ፀጉሯ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ አንዲት ዘለላ አልወጣችም፤ ባለሙያ ነኝና ወዲያው አደነቅሁ። ፓስፖርቱን ተቀበለች፣ ሻንጣውን መዘነች።

"ማዘር፣ ባልዲውንም ሚዛን ላይ ያድርጉት።"

እማ ዘሊካ ሚዛን ሲባሉ አላቅማሙም። ሚዛን ሥራቸው ነው። በገዛ እጃቸው አስቀመጡላትና እንደ ገበያው ተመዝና እስክትመለስላቸው ይጠብቁ ጀመር። አልታዬ ወረቀት ለጠፈችባት። ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ የሆነ ነገር አየችና ቀና አለች።

"ትኬቱ የተገዛው በኢንተርኔት ነው። የተከፈለበትን የባንክ ካርድ ማየት አለብኝ።"

"የምን ካርድ?" አልኩ እኔ። ምላሴ እንደሁ አስተርጓሚ አይፈልግም። "ተከፍሏል አልተከፈለም?"

"ተከፍሏል።"

"ታዲያ የተከፈለ ነገር ምኑ ይታያል?"

"በሰው ካርድ ሰርቆ ትኬት የሚገዛ አለ፣ እኅቴ። ካርዱን ካላየሁ ላሳልፋቸው አልችልም። ካርዱ ከሌለ አዲስ ትኬት መቁረጥ ነው።"

አዲስ ትኬት! እኔን ከነካስኬ ቢሸጡኝ የዱባይ ትኬት አይገዛብኝም። ደሜ ፈላ። ሴትየዋ ከወሎ ቦረና ድረስ መጥተው፣ ልጅቷ ዛሬ ነገ ልትወልድ፣ ካርድ አላችሁ እንዴት ይባላል? ይኼንኑ ልናገር አፌን ስከፍት እማ ዘሊካ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

"ሰብሌ፣ ዝም በይ።"

ወደ መስተናገጃው ተጠጉ። ግራና ቀኝ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የኔ አበባ፣ ከሚዛኑ ኋላ ያለሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ማዘር።"

"ከአንቺ ሌላ የለም?"

"የለም። እኔ ነኝ።"

"እስቲ በሃይማኖትሽ ማይ።"

አልታዬ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። እኔ ከሷ ብሼ ግራ ገብቶኛል። "በእመቤቴ" አለች በመጨረሻ።

"እሰይ! ልጄ ፈውዚያ 'ከሚዛኑ ኋላ ያለችው ስትጠይቅሽ ብቻ አሳዪያት፣ አደራ፣ ለሌላ ለማንም እንዳታሳዪ' ብላኛለች። ባሏ ትኬቱን የገዛበትን ካርድ በሙስሊማ እጅ ልካልኛለች። አብሽሪ፣ ካርዱ አለ።"

"የት?" አልን እኔና አልታዬ እኩል።

እማ ዘሊካ በአገጫቸው ወደ ሚዛኑ አመለከቱ። ሚዛኑ ባዶ ነው። ባልዲዋ በሚንቀሳቀሰው ላስቲክ ላይ ተፈናጥጣ፣ ክብሯን ጠብቃ፣ ወደ ጥቁሩ መጋረጃ እየሄደች ነው።

"ምነው?" አሉ እማ ዘሊካ ክው ብለው። "የኛ ሚዛን የመዘነውን ይመልሳል፣ የናንተ ይበላል እንዴ?"

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን በደንብ አላስታውስም። ተረከዘ ረጅም ጫማዬን አውልቄ ላስቲኩ ላይ መውጣቴን ሰው ነው የነገረኝ። ገመዷን ስይዝ ባልዲዋ ግማሽ አካሏ ከመጋረጃው ወዲያ ገብቷል። እኔ ወዲህ እጎትታለሁ፣ ላስቲኩ ወዲያ ይወስደኛል፣ አንዱ ፊሽካ ይነፋል፣ እማ ዘሊካ "ጎትቺ! ጎትቺ!" ይሉኛል። ከወዲያ ያለ ሠራተኛ ብቅ ብሎ አየኝ፤ ደንግጦ ባልዲዋን ለቀቃት፤ እኔም ከነባልዲዋ ወደ ኋላዬ ዘጭ አልኩ። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከዝምተኞቹ ልጃገረዶች መካከል አንዷ ኪኪኪ ብላ ሳቀች።

እማ ዘሊካ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ገመዱን ፈቱ፣ ክዳኑን አነሡ፣ የኮባውን ቅጠል ገለጡ። የአቀስታ ለጋ ቅቤ ሽታ ቦሌን ሞላው። እጅጌያቸውን እስከ ብብታቸው ሰበሰቡና "ቢስሚላህ" ብለው ክንዳቸውን ከተቱ።

ፈለጉ። ወደ ቀኝ አማሰሉ፣ ወደ ግራ አማሰሉ። ሳቃችን ቀነሰ። ፊታቸው እየተለወጠ መጣ።

"ከመሐሉ ነበር የቀበርኩት" አሉ። "ያረቢ! ለዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሰጠሁት እንዴ?"

የደጎሎዋ ሴት ጉትቻ ትዝ አለኝ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ይኼኔ ቅቤውን ምን አድርጎት ይሆን? ሳሪስ ደርሶ መመለሻ ጊዜ የለም። አልታዬ ሰዓቷን አየች፣ ቶሎ ደግሞ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። እኔ ፈውዚያን አሰብኳት። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቃ፣ ደርሶላት፣ እናቷ በሯ ላይ ሳይደርሱ ስትወልድ ታየኝ። አልዋሽም፣ እዚያው ቆሜ ለክርስቶስም ለነቢም ተሳልኩ።

"እማ ዘሊካ፣ ጠርዙን! ቅቤው በሙቀቱ ላልቶ ካርዱ ወደ ጠርዙ ሸሽቶ እንደሆነስ? የቤቴ ግድግዳ እኮ ምድጃ ነው!" አልኩ።

ክንዳቸውን ወደ ጎን ገፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ፈገግታቸው ከአፋቸው ተነሥቶ እስከ ሻሻቸው ደረሰ።

"መጣ!"

በፌስታል የተጠቀለለ፣ በክር የታሰረ፣ ቅቤ የጠገበ ካርድ ከፍ አድርገው አሳዩን። ልጃገረዶቹ እልል አሉ! ፊሽካ የሚነፋው ጥበቃ አጨበጨበ። ለንግድ የሚሄድ ከረባት ያሰረ ሰው ማንን እንደሚያቅፍ አጥቶ እኔን አቀፈኝ። አልታዬ ፌስታሉን በሶፍት ይዛ ፈታች፣ ካርዱን ጠረገች፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አስተያየች። "ጠልሐ ሙጀሂድ" ብላ አነበበች።

"አማቼ ነው!" አሉ እማ ዘሊካ።

"ትክክል ነው፣ ማዘር። አልፈዋል።"

እማ ዘሊካ ሊነሡ ሲሉ ክንዳቸውን አዩት። ከጣታቸው እስከ ክርናቸው በላይ ቅቤ ነው። አልታዬ ሶፍት ዘረጋችላቸው። እማ ዘሊካ ሶፍቱን እንደ ስድብ ቆጠሩት።

"እጅ የነካው ቅቤ የአናት ነው" አሉና ወደ ሰልፉ ዞሩ። ያችን ቀድማ የሳቀችውን ልጅ ጠሩ። "ነይ እስቲ የኔ አበባ። ጎንበስ በይ።"

ልጅቷ ሻርፗን ወደ ኋላ አድርጋ ጎንበስ አለች። መሐል አናቷን ቀቧት። "በወጣሽበት እግርሽ በሰላም ግቢ። ክፉ አይይሽ። አላህ ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ።" ልጅቷ ቀና ስትል እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ደግሞ ይስቃል። ሁለተኛዋ ሳትጠራ መጣች። ከዚያ ሰልፉ ከአልታዬ ፊት ተነሥቶ እማ ዘሊካ ፊት ተሰለፈ። ማተብ ያላትም፣ የሌላትም። እየተቀቡ ይስቃሉ፣ እየሳቁ ይገፋፋሉ፤ አፋቸው ተፈታ። አንዷ ከመሐል ሜዳ፣ አንዷ ከጂማ፣ አንዷ ከዚያው ከኛው አገር ከአቀስታ መሆኗን የሰማሁት ያኔ ነው። የአቀስታዋ ቅቤውን አሽትታ ገና ሳትቀባ አለቀሰች።

"ሰብሌ፣ አንቺስ?"

"እማ ዘሊካ፣ ፀጉሬን እኮ ዛሬ ነው የተሠራሁት! በዛች ትገድለኛለች!"

"ጎንበስ በይ።"

ጎንበስ አልኩ። ያ ሁሉ ካስክና ፎን ገደል ገባ። መዳፋቸው አናቴ ላይ ሲያርፍ ከትምህርት ቤት የምመለስ ልጅ ሆንኩ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀና ስል አልታዬ በመስተናገጃው ላይ ተንጠላጥላ፣ ያን የተጠቀለለ ፀጉሯን ወደ እኛ ዘርግታ አየኋት።

"ማዘር፣ እኔንም ትንሽ። አለቃዬ ሳይመጣ።"

እንዲህ አድርገው ሄዱ። ባልዲዋ መልሳ ታስራ ላስቲኩ ላይ ስትወጣ እማ ዘሊካ እጃቸውን አወዛወዙላት፤ ለእኔ ያወዛወዙት ከሷ ቀጥሎ ነው። ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ወደኔ አዞረ። በዛች አይታኝ ጮኸች፤ ነገሩን ስነግራት ግን ጭቅጭቋን ትታ አናቴን አሸተተችና "ትንሽ አላመጣሽም?" አለችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ፈውዚያ ደወለች። ሴት ልጅ ወልዳለች። ምጧ የጀመራት እናቷ በደረሱ ማግስት ነው፤ አናቷንም እሳቸው ናቸው የቀቧት። እኔ ፀጉር ቤቱ መሐል ስዘል፣ ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ ሁሉ እልል አለች።

ፈውዚያ እየሳቀች ነገረችኝ። ባልዲዋን ከፍታ ስታይ ከቅቤው መሐል እስከ ታች የወረደ ጉድጓድ አለ አሉ፤ ጎን ላይ የናቷ አምስት ጣት ቁልጭ ብሎ ታትሟል። "እማዬ፣ ለኔ ያመጣሽውን ቅቤ ማን ነካብኝ?" አለቻቸው።

እማ ዘሊካ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱላት።

"አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ልጄ? መንገድ ላይ ሌሎች ነበሩኝ።"